ጉልበቴ ላይ ያረፉት እጆች

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ «ቪዲዮ» እላለሁ። ቡራዩ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ያሉት ጎረቤቶቼ ሠርግ የምቀርጽ ስለሚመስላቸው ሦስት ጊዜ ለቀረጻ ጠርተውኛል። ሁለቱን እምቢ አልኩ፤ ወደ ሦስተኛው ግን ስልኬን ይዤ ሄድኩ። ከማስረዳት እሱ ቀለለኝ። እውነተኛው ሥራዬ ምስል በደካማ ኔትወርክ ሳይበላሽ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዲዮ በስልክ ሲላክ እያንዳንዱ ምስል ሙሉ በሙሉ አይላክም፤ ያን ያህል የሚሸከም ኔትወርክ የለንም። አንድ ጊዜ ሙሉው ይላክና ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብቻ ይላካል። እሱም ቢሆን በጥቃቅኑ ተቆራርሶ ስለሚሄድ መንገድ ላይ የሚቀር አይጠፋም። ያን ጊዜ ተቀባዩ ስልክ ላይ ምስሉ ይቦጫጨቃል፤ የሰው አገጭ ጆሮው ላይ ይለጠፋል። የእኔ ዘዴ የጎደለውን ቦታ ቀደም ብሎ በደህና በደረሰው ምስል መሸፈን ነበር። ግማሹ ብቻ የደረሰ ቁራጭ ካለም እሱን ጥሎ የቀድሞውን ንጹሕ ቁራጭ ባለበት ማቆየት። ይህችን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ እኮራባትም ነበር። ባልደረቦቼ «ያንተ ምስል እኮ አይበላሽም» ሲሉኝ እንዳልሰማ ሆኜ ደግመው እንዲሉት እጠብቅ ነበር።

የሠራሁትን መጀመሪያ የጫንኩት እህቴ ስልክ ላይ ነው። እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሱሉልታ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ትኖራለች። ሕፃን ሳለች ታማ ከዳነች በኋላ መስማት አቆመች። ትምህርት ቤት ገብታ የምልክት ቋንቋ እስክትማር ድረስ እሷና እናታችን ሰበታ ባለው ቤታችን በእጃቸው የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ። እኔ ስወለድ ቋንቋው ተሠርቶ አልቆ ነበር፤ ከአማርኛ ጋር እኩል ለመድኩት። በዚያ ቋንቋ የእኔ ስም ቅንድብን በሁለት ጣት ማበስ ነው፤ ከአጥር ወድቄ ያተረፍኩት ጠባሳ ግራ ቅንድቤ ላይ አለ። ይህን ቋንቋ የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ቢይዟትም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ መሐል ከተማ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። እህቴ እናታችን ዘንድ ለመድረስ አዲሱ ገበያ ወርዳ፣ አየር ጤና ተሻግራ፣ በየታክሲው ሰልፍ ስትቆም ግማሽ ቀን ይሄድባታል። እናቴ ያላት ደግሞ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ እኔ ሰበታ እሄድና ሁለቱ በእኔ ስልክ ይገናኙ ነበር።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል እናቴ የሐሞት ጠጠር ተገኘባትና ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። ወረፋው ረጅም ነው ተብለን ስንጠብቅ አንድ ቅዳሜ ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ አልጋ ተለቋል፣ ሰኞ ጠዋት አምጧቸው። እናቴ ይህን ስነግራት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እሷ ሳትመጣ አልገባም።»

በዚያው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ቡራዩ ቤቴ ሆኜ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ለእህቴ ደወልኩላት። ሰኞ መሆኑን፣ ሰዓቱን፣ በየትኛው በር እንደምትገባ፣ እናታችን ያለ እሷ አልገባም ማለቷን በእጄ አንድ በአንድ ነገርኳት። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረና ቀስ ብላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። አንዲት መስመር ጽሑፍ ብልክላት ኖሮ እኮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን እሺ ብላኛለች አይደል፤ ደግሞስ የእኔ ምስል መቼ ይበላሽና።

ሰኞ ጠዋት አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። መብራት ጠፍቶባት ይሆናል፣ አሁን መንገድ ላይ ናት ብዬ በሩን በሩን አያለሁ። ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ ተራዎ እኮ ደርሷል» አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝ።

«ትመጣለች?»

«መንገድ ላይ ናት። ራሷ እሺ ብላኛለች።»

እናቴ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀኝ እጇን አንሥታ አንድ ነገር በምልክት ልትል ጀመረችና ተወችው።

«ለእሷ የምነግራት ነገር ነበር» አለችኝ በአፏ።

«ለእኔ ንገሪኝና አደርስላታለሁ።»

«በአንተ የሚላክ አይደለም» ብላኝ ገባች።

ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። እኔ ግን አኮረፍኩ። ኩርፊያ እችልበታለሁ፤ ከዘመድ የወረስኩት ነው። እህቴ ማክሰኞ «እማ እንዴት ናት? ቀኑን አሳወቋችሁ?» ብላ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያዋን ጥያቄ ብቻ አነበብኩና ይባስ ተናደድኩ። ራሷ መጥታ አታይም? መልስ አልሰጠሁም። ቀጥሎ የላከቻቸውን አልከፈትኳቸውም። እናቴ እቤት ገብታ እያገገመች «ምክንያት ይኖራታል» ስትለኝ ጭራሽ ፊቴን አዞርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ልጣላት ሱሉልታ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ቤቷ ስገባ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ። እኔ ሰላምታም አልሰጠኋት።

«ለምን ቀረሽ?» አልኳት። ስቆጣ እጄ ይገዝፋል፤ የመደርደሪያውን ክር ሁሉ መታሁት።

«ከየት?»

«ከሆስፒታል! ቅዳሜ ነግሬሽ የለም? እማ በሩ ላይ ቆማ ጠብቃሽ ያለ አንቺ ገባች።»

እጇ ጭኗ ላይ ወደቀ። እናታችን ድና ቤቷ መሆኗን ስነግራት ብቻ ተነፈሰች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና እኔን ሆነች። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች፣ ፊቷን አጨማደደችና ዝም ብላ ታየኝ ጀመር። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየች።

«ቅዳሜ እንዲህ ነበርክ» አለችኝ። «ምንም አላልክም። ለእማ ፈርተህ መናገር ያቃተህ መሰለኝ። አብሬህ ነኝ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።»

ፕሮግራሙን ለሙከራ ብዬ የደረሰውን ምስል ተቀባዩ ስልክ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጌው ነበር። ስልኳን ተቀብዬ ከፈትኩት። እውነቷን ነው። ጥርት ያለ ምስል ነው፣ አንድም የተቦጫጨቀ ቦታ የለውም። እኔ አለሁ፣ ፊቴ ይንቀሳቀሳል፣ እጆቼ ግን ጉልበቴ ላይ አርፈዋል። ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገር ብዙ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚላከው፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ መንገድ ላይ የቀሩት እጆቼ ነበሩ። ግማሽ ግማሹን የደረሱትን ደግሞ ያ የምኮራበት ዘዴ ጥሏቸው፣ ንግግር ከመጀመሬ በፊት ያረፉትን እጆች አቆየላት። ምስሉ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ «አልደረሰኝም» ትለኝ ነበር። ስላማረ ግን የጎደለ ነገር መኖሩን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። አፈርኩ። ይቅርታ ማለት እንኳ በእጄ ከበደኝ።

ሱቋን ዘግታ በዚያው ሰዓት አብረን ሰበታ ወረድን። ታክሲ ውስጥ አላየችኝም። ቤት ስንደርስ እናቴ እጇን ይዛ ከአጠገቧ አስቀመጠቻት። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፤ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ዘወትር እንደሚያደርጉት የበሬና የላም ወሬያቸውን በኦሮምኛም በአማርኛም ያወራሉ። ሁለቱ ሴቶች ብዙ አልተነጋገሩም። በሩ ላይ ያልተነገረው ነገር ሰው በተሰበሰበበት የሚነገር አልነበረም መሰለኝ።

ያን ሳምንት ዘዴዬን ነቅዬ ጣልኩት። አሁን የጎደለ ቁራጭ ካለ ቦታው ግራጫ ሆኖ ይታያል። ፊትና እጅ ቀድመው ይላካሉ፣ እጅ ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ። ከኋላ ያለው መጋረጃ የሚላከው ኔትወርክ ከተረፈ ነው፤ ቢቀርም የሚጎዳ ሰው የለም። አለቃዬ አይቶት «ይህን ቀዳዳ ለደንበኛ እናሳይ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እስካሁን እንከራከራለን፤ ግራጫው ለጊዜው የሚታየው እኛ ቤተሰቡ በምንጠቀምበት ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው።

በቀጣዩ እሁድ ሰበታ ኃይለኛ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌላት እናቴ ከእህቴ ጋር ተገናኘች። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። እናቴ ስለ ቁስሏ፣ ስለ ምግቧ ካወራች በኋላ ቀኝ እጇን አነሣች። ሆስፒታሉ በር ላይ የጀመረችው ምልክት መሆኑን አወቅሁት።

እህቴ መዳፏን አነሣች። ግራጫ ሆኖባታል ማለት ነው። ድገሚልኝ።

እናቴ ደገመችው። መዳፉ እንደገና ተነሣ።

«ይሄ የአንተ ነገር አስቀያሚ ሆነ» አለችኝ እናቴ ሳትዞር። ሦስተኛውን ቀስ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ምልክት አየር ላይ እያቆየች ተናገረችው።

«ያን ቀን ሞቼ ቢሆን፣ ይህን የእኛን ቋንቋ ከማን ጋር ታወሪው ነበር?»

ደረሰ። እህቴ ሱሉልታ ተቀምጣ እናቷን አየቻት። ከዚያ ሁለት ጣቷን አንሥታ ግራ ቅንድቧን አበሰች፤ ስሜን ጠራች።

ምስሉ ላይ አንድም ግራጫ አልነበረም፤ ሙሉውን በደንብ አይቼዋለሁ። ግን ወደ ስልኩ ጠጋ ብዬ መዳፌን አነሣሁና ድገሚልኝ አልኳት።