ኮረብታዋን ያልጠራው ፉከራ

በዚህ ዓመት የጸደይ መግቢያ፣ የወንድሜ የመስፍን ልጅ ወደ ጦር ሠራዊት ከመግባቷ በፊት፣ ኤም ሃሞሻቮት በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ሽኝት ተደረገላት። ምግቡ ታዝዞ የመጣ፣ ሙዚቃውም ከድምፅ ማጉያ የሚንቆረቆር ነበር። በመካከሉ አንድ ወጣት ማይክሮፎኑን ተቀብሎ «ዘራፍ!» ሲል እኩዮቹ ሳቁ፤ ስልካቸውንም አነሡ። ልጁ ቀጥሎ የሚባለውን ስለማያውቅ ያንኑ ቃል ደጋግሞ ወደ ዘፈኑ ተመለሰ። እኔ በእንግዶቹ መካከል ወንድሜን በዓይኔ ፈለግሁት። እርሱም እኔን እየፈለገ ነበር። ሁለታችንም ያስታወስነው አንድ ቀን መሆኑን ለማወቅ መነጋገር አላስፈለገንም።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ የምንኖረው አሚሻቭ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እናቴ በብርቱካን ማሸጊያ ቤት ትሠራለች፤ እጇን በሳሙና ደጋግማ ብትታጠብም የልጣጩ ሽታ ከጣቶቿ አይለቅም ነበር። አባቴ በብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጥሯል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘምቶ ነበር፤ እግሩን በጥይት ተመትቶ ከተሰናበተ በኋላ ነው፣ በምርኩዝ እያነከሰ፣ ከጎንደር እስከ ሱዳን ከእኛ ጋር የተጓዘው። መስፍን በዚያ ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበር፤ እኔ በአንድ ዓመት አንሰዋለሁ።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አያ ብርሃነ የሚባሉ የትግራይ ሰው ከባለቤታቸው ከእትዬ ለምለምና ከልጃቸው ከዮናስ ጋር ይኖሩ ነበር። ዮናስና መስፍን በአንድ ብስክሌት ይሄዳሉ፣ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ ሲጣሉም በዕብራይስጥ ይጣላሉ። እናቶቻችን ዓርብ ዓርብ የሰንበት ዳቦ ይለዋወጣሉ። አባቴና አያ ብርሃነ ደግሞ ከሥራ መልስ ከሕንፃው ፊት ለፊት በምትገኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ ሁለቱም ጦርነት ያዩ ሰዎች ስለነበሩ ዝምታቸው እንኳ የተግባባ ይመስል ነበር።

አንድ ማታ አባቴን ለእራት ልጠራ ወርጄ ሳለሁ አያ ብርሃነ ስለ እግሩ ሲጠይቁት ሰማሁ።

«ጥይቷ የት አገኘችህ?»

አባቴ የኮረብታዋን ስም ጠራ። ሽሬ አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ኮረብታ ናት።

አያ ብርሃነ «እኔም እዚያ ነበርኩ» አሉ።

«አትለኝም! ከየትኛው ሻምበል?»

«እናንተ ከታች ስትወጡ፣ እኔ ከላይ ነበርኩ።»

አባቴ ምርኩዙን አንሥቶ፣ እኔንም ሳያየኝ አልፎ ወደ ቤት ወጣ።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የአባቴን ፉከራ ማወቅ ያስፈልጋል። ፎካሪ ራሱን በገዛ ስሙ አይጠራም፤ የሚኮራበትን ሰው ስም ጠርቶ የእርሱ አሽከር፣ የእርሱ ወንድም ነኝ ይላል። አባቴ በየሠርጉ ሲፎክር «ዘራፍ የተሾመ ወንድም!» ይል ነበር። ተሾመ አንድ ብርድ ልብስ አብሮት የለበሰ የጦር ጓደኛው ሲሆን፣ እዚያችው ኮረብታ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ከተሾመ ስም ቀጥሎ አባቴ ኮረብታዋን በስሟ ይጠራና ደሙን እንደሚመልስ ይምላል። ተኳሹ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። ከዚያ ማታ በኋላም አያውቅም፤ ነገር ግን ከላይ ከነበሩት አማፅያን አንዱ በየቀኑ በደረጃችን ይወጣል፣ ይወርዳል።

ሰላምታቸው ተቋረጠ። በደረጃው ላይ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳውን ሌላው የብረት መደገፊያውን እያየ ይተላለፋሉ። ዳቦው ግን አልቀረም፤ እናቶቹ በነጠላ ሥር ደብቀው ይለዋወጡት ጀመር። ልጆቹም አብረው ለውትድርና ተመዝግበው፣ በአንድ ክፍለ ጦር እንዲመደቡ ጠይቀው ተፈቀደላቸው። የሚገቡበት ቀን ሲቃረብ እናቴ «ሁለቱ በአንድ ቀን ይሸኛሉ፤ ግቢውም አንድ ነው» ብላ ወሰነች። አባቴ አልተቃወመም።

ቀኑ የመጋቢት ከሰዓት በኋላ ነበር። ከከተማው ዳር ካሉት እርሻዎች የብርቱካን አበባ ሽታ ከአውቶቡስ ጭስ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በግቢው ጠረጴዛዎች ተዘርግተው፣ ቆሎ፣ ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል ቀርቦ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ የሰፈሩ ተረበኛ ጋሽ አድማሱ ተነሡ።

«ምነው እናንተ! ልጆቹን ገበያ እንደሚነዳ በግ ዝም ብለን ልንሸኝ ነው? ወንድ የለም እንዴ? ኧረ አንተ አሥር አለቃ፣ ተነሥ!» አሉት አባቴን።

እናቴ «እግሩን አሞታል፣ ይተዉት» አለች።

«በእግሩ ነው እንዴ የሚፎክረው?»

ሰው ሳቀ። እትዬ ለምለም አልሳቁም። አያ ብርሃነ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ በመስፍንና በዮናስ መካከል ተቀምጠው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር። ተነሥተው መሄድ ይችሉ ነበር፤ አልተነሡም። ኮረብታዋ ከተጠራች ሁለቱ ቤቶች ደመኞች መሆናቸው በሕዝብ ፊት የታወጀ ይሆናል፤ ልጆቹም ያንን ተሸክመው ይሄዳሉ።

አባቴ ተነሣ። ምርኩዙን ከመሬት አላቅቆ እንደ ጠመንጃ ያዘው። መሐል ሜዳ ሲደርስ፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባልሰማሁት ድምፅ ጮኸ፦

«ዘራፍ! የመስፍን አባት!
ዘራፍ! የዮናስ አጎት!»

ከዚያ ዞሮ አያ ብርሃነን እያየ፦

«ዘራፍ! የብርሃነ ወንድም!
ደሜን የጠጣ አፈር የሱንም ጠጥቷል፣
ልጄን ከልጁ ጋር ማን ይነጥለዋል?»

ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ጎረቤታችን፣ የሞሮኮ ተወላጅ የሆነች ሴት፣ ደንግጣ ፖሊስ ልጥራ ወይ ብላ በዕብራይስጥ ጮኸች። እናቴ ዕንባዋ እየወረደ፣ ደኅና ነው ለማለት «በሰደር፣ በሰደር!» ትላታለች። አባቴ እየተንቀጠቀጠ ቀረ። ደንቡ እንደሚያዘው፣ የፎካሪ ደሙ ሲፈላ ይዞ የሚያበርደው የቅርብ ዘመዱ ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አያ ብርሃነ ተራምደው ሄዱና ከትከሻው አቀፉት።

«ይብቃህ፣ ወንድሜ። ይብቃህ» አሉት።

በዚህ ዓመት ከወንድሜ ልጅ ሽኝት በኋላ በነበረው ሳምንት አያ ብርሃነን ልጠይቅ ሄድሁ። ዛሬም አሚሻቭ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። አባቴ ካረፈ ዓመታት ሆነዋል። የታሪክ ትምህርት የተማርሁ ብሆንም ያን ቀን የተባለውን በቃሌ ከመያዝ በቀር ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ኮረብታዋ ተነጋግረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉኝ። «‹አንተስ እዚያ ማንን ቀበርክ?› አለኝ። ‹ታናሽ ወንድሜን፣ ግደይን› አልኩት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ በወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን ጽፊራው፣ ሳይረኑ፣ ሲጮኽ እዚህ በረንዳ ላይ አብረን እንቆም ነበር። እኔ ተሾመን አስብ፣ እሱ ግደይን ያስብ ነበር።»

«ማን እንደተኮሰስ?»

«እሱን ምን ያደርግልናል፣ ልጄ?»

ቀጥለውም፣ «አሁን ግደይን የሚያስብልኝ ጠፋ። እኔ ሳስበው እኮ ሐዘን ነው። አባትሽ ሲያስበው ግን ክብር ነበር» አሉ።

የወታደሮች ኩራት የገዛ ጀግንነታቸውን መቁጠር ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን፣ ባላንጣቸው የነበረው ሰው ሙታናቸውን ሲያከብርላቸው የሚሰማቸው ኩራት ከዚያ እንደሚበልጥ ተረዳሁ።

ከፋሲካ በኋላ የመታሰቢያው ጽፊራ ሲጮኽ ክፋር አቭራሃም በሚባለው ሰፈር፣ በሥራ መንገድ ላይ ነበርሁ። እንደ ሰው ሁሉ መኪናዬን አቁሜ ወረድሁ። ድምፁ እስኪያልቅ፣ በእነ አባቴ ላይ ሲተኩስ የወደቀ፣ መልኩን የማላውቀውን አንድ የትግራይ ወጣት ቀጥ ብዬ ቆሜ አሰብሁት። ማታ ለአያ ብርሃነ ደውዬ ለግደይ መቆሜን ነገርኋቸው።