የተገለበጠው የሱፍ ኮት

በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ አዲስ ጨርቅ ማግኘት ዕድል ይጠይቅ ነበር። ለቀበሌው ሱቅ አቡጀዲ ወይ ካኪ መጣ የተባለ ለታ ሰፈሩ ሁሉ ነቅሎ ይሰለፋል። እኔ ደግሞ ሰልፍ ላይ አልሆንም፤ ቁጡ ነኝ። ፊቴ የገባብኝን ሰው ዝም ብዬ ማሳለፍ አልችልበትም። ሁለት ሦስቴ ተጣልቼ ባዶ እጄን ከተመለስኩ በኋላ "ገደል ይግባ ጨርቃቸው!" ብዬ እርግፍ አድርጌ ተውኩት። ቤት ውስጥ ያለውን አሮጌ ልብስ እየተረተርኩ መስፋት የጀመርኩት በዚያ ንዴት ነው።

የስፌት መኪናዋ የእናቴ ነበረች። በእጅ የምትዞር፣ ስትሠራ ጎረቤት ድረስ የምትሰማ ጫጫታም ነገር ናት። መጀመሪያ የባሌን ሱሪ ቆርጬ ለልጃችን ቁምጣ አደረግኩት። ባሌ ጠዋት ሱሪውን ሲፈልግ ልጁ ለብሶት ከፊቱ ቆሟል። "ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ደግሞ እኔኑ እንዳትተረትሪኝ!" አለኝ። ስቀን ስቀን ሆዳችንን ያዝን። ከዚያ የጎረቤት አንሶላ ቀሚስ ሆነ፣ የተቀደደ ጋቢ የሕፃን መጠቅለያ ሆነ፣ የስንዴ ጆንያ ትራስ ሆነ። ሰኞ ገበያ እየወረድኩ ልባሽ ጨርቅ መግዛት ጀመርኩ። አንዱን የፈረንጅ ካፖርት፣ መቼም ያ ፈረንጅ ግንድ የሚያክል መሆን አለበት፣ ለሁለት እህትማማቾች ከፈልኩት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳላስበው ሳሎኔ የልብስ ስፌት ቤት ሆነ።

ደንበኞቼ ታዲያ ሲመጡ ሌባ ነው የሚመስሉት። አሮጌ አስቀይራ ለበሰች መባል ነውር ነዋ። ጨርቃቸውን በዘንቢል ከጎመን ስር ደብቀው ይመጣሉ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትገባ በሬ ላይ ይገጣጠሙና "ጎመን ላደርስላት ብዬ ነው" ይባባላሉ። ጎመኑንም ለማስመሰል ትተውልኝ ይሄዳሉ። ወላሂ፣ በዚያ ጊዜ የበላሁትን ጎመን ያህል በሕይወቴ በልቼ አላውቅም። ግን ደስተኛ ነበርኩ። የማንንም ሰልፍ ሳልጠብቅ፣ ማንንም ሳልለምን፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው ዕርቃን እሸፍናለሁ። የተጣለ ነገር እጄ ላይ ነፍስ ሲዘራ ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሰኞ ገበያ ጨው ይሸጣሉ። ሚስታቸው አንዲት ልጃቸው ገና ጡት ሳትተው ሞተችባቸው፤ ሌላ ሳያገቡ ልጅቷን ብቻቸውን አሳደጓት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ "አባባ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። አንድ ረፋድ ላይ ኮታቸውን እንደለበሱ መጡና ገና ሳይቀመጡ "በሩን ዝጊው ልጄ" አሉኝ።

ዘጋሁት።

"ልጄን ልድራት ነው።"

"አልሐምዱሊላህ! ለማን ሰጧት?"

"ለኮምቦልቻ ሰው። አባቱ ወፍጮ ቤትም የጭነት መኪናም አለው።" ቁጭ አሉና የኮታቸውን እጅጌ አሳዩኝ። "ኒካሑ የሚታሰረው እኔ ቤት ነው። በዚህ ኮት ፊታቸው ብቀርብ ልጄን የችግረኛ ልጅ ብለው ይንቁብኛል። እኔን ይናቁኝ፣ ግድ የለኝም። እሷ ግን በሰው ቤት ገና በመጀመሪያው ቀን አንገቷን እንድትደፋ አልፈልግም።"

ኮቱን ተቀብዬ አየሁት። አንድ ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነበር። አሁን ትከሻው በፀሐይ ነጥቷል፣ ደረቱን ጨው በልቶታል፣ ጀርባው ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

"አባባ፣ ይኼስ በቃው። ከልባሽ ደህና ካፖርት ፈልጌ በልክዎ አደርግልዎታለሁ።"

"ሌላ አልፈልግም።"

"ለምን?"

"አልፈልግም አልኩሽ እኮ!" ተቆጡ።

እኔስ መቼ አነሰኝ? እኔም ተቆጣሁ። "እንግዲያውስ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም!" ብዬ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ሲያርፍ የታችኛው ጠርዝ ተገለጠ። የበሰበሰው ገበር፣ ማለት የኮቱ ውስጥ ልብስ፣ በተቀደደበት በኩል የሱፉ ውስጥ ታየኝ። ፀሐይ አልነካው፣ ጨው አልነካው፣ ጥቁር ሰማያዊነቱ ከሽመና እንደወጣ ነው።

"እንገለብጠዋለን!" አልኩ።

ኮት መገልበጥ ማለት ስፌቱን በሙሉ በምላጭ ተርትሮ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ውስጡን ወደ ውጭ አዙሮ እንደገና መግጠም ነው። ጣጣው ያለው ደረቱ ላይ ነው፤ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ቁልፉም እንደ ሴት ልብስ በተቃራኒው ይቆለፋል። ደሴ ውስጥ ደግሞ ይህን የማያውቅ የለም። ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ ኪሱ ይታያል፤ ቀኝ ላይ ከሆነ "ግልባጭ ነው" ይባልና አለቀለት። ስለዚህ የኪሱን አፍ መድፈን ነበረብኝ። ከራሱ ከኮቱ እጥፋት ክር እየመዘዝኩ፣ የሱፉን አሸማመን እየተከተልኩ በመርፌ ደፈንኩት። የቁልፍ ቀዳዳዎቹንም እንደዚሁ። አንገቴ ደረቀ፣ ዓይኔ አለቀሰ። ባሌ "ለእኔ እንዲህ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?" ቢለኝ "አንተን ደግሞ ማን አይቶህ!" አልኩት። ግራው ላይ አዲስ ኪስ አወጣሁና በከሰል ካውያ ተኮስኩት። የድሮው ኪስ የት እንደነበረ እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁት።

ገበር ግን ከተማው ውስጥ ጠፋ። ባለኝ አንሶላ እጅጌውን ብቻ ገበርኩት፤ ደረቱና ጀርባው እንዲያው ራቁቱን ቀረ። የሳሳውን ቦታ ሁሉ ከውስጥ በኩል ጨርቅ ለጥፌ ደገፍኩት። እጄ ላይ የነበረው ጠንካራ ጨርቅ ደግሞ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት መጋረጃ ነበር። ኮቱ ከውጭ የሹም፣ ከውስጥ የሙሽራ ቤት ሆነ።

"አባባ፣ ውስጡ ያስቃል" አልኳቸው።

"ማን ያየዋል? እኔ ኮቴን የማወልቀው ስተኛ ነው።"

እውነታቸውን ነው። የጦሳን ተራራ ብርድ የሚያውቅ ሰው ኮት አያወልቅም። ሁለታችንም የደሴ ሰዎች ነን፤ ሙቀት የሚባል ነገር በሐሳባችን ውልም አላለም።

የኒካሑ ዕለት አባባ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የሙሽራውን እጅ ጨብጠው ልጃቸውን ሲሰጡ ኮቱ እላያቸው ላይ እንደ አዲስ ሱፍ ያብረቀርቅ ነበር። የኮምቦልቻ አማቾች ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው፣ አከበሯቸው። እኔ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። ልጅቷም ቀና ብላ ሄደች። ነገሩ በዚህ አልቆ ቢሆን ደግ ነበር። ዳሩ ግን በሳምንቱ ለቅልቅል፣ ማለት ሁለቱ ቤተሰብ አብሮ ለሚበላበት ድግስ፣ ኮምቦልቻ ተጠራን።

ኋላ የኮምቦልቻ ሰው አሮጌ ልብሱን በአደባባይ ተሸክሞ ደሴ ድረስ እኔን ፍለጋ የመጣው በዚያች ቀን ምክንያት ነው። እንጀራዬም የሰፋው በእሷ ነው። በዕለቱ ግን ይህን ማን አውቆ! አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ሲጀምር ሙቀቱ ከታች መጣ። በየጠመዝማዛው ሰው አንድ አንድ ልብስ ያወልቃል። ያኔ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። ወደ አባባ ጠጋ ብዬ "ኮቱን ለኔ ይስጡኝ፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ እይዝልዎታለሁ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ከስር ያለውን ሸሚዝ ስለማታውቂው ነው" አሉ። "ሸሚዝ የሚባለው ከፊት ብቻ ነው፤ ጀርባው የለም።"

ወይ ጉዴ! ለኮቱ ያን ሁሉ ስጨነቅ ሸሚዝ አለዎት ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

የሙሽራው አባት ደጅ ሰፊ ዳስ ተጥሏል። ወንዶቹ ኮታቸውን ምስማር ላይ ሰቅለው በሸሚዝ ሆነው ይራገባሉ። አባባ ብቻ እስከ አንገታቸው ተቆልፈው መሐል ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከባሏ አጠገብ ሆና ዓይኗን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም። እኔ ብርዝ እቀዳለሁ፤ እጄ ይቅዳ እንጂ ልቤ እዚያ ነው።

"ኧረ ኮትዎን ይስጡኝ፣ ልስቀልልዎት" አሉ የሙሽራው አባት።

"አብሽሩ፣ ደህና ነኝ።"

"ሞቀዎት እኮ!"

"የደሴ ሰው ሙቀት ይናፍቀዋል" አሉ አባባ፣ ላቡ ከጢማቸው እየተንጠባጠበ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰውዬው ልጃቸውን ድረው ሲያበቁ በእኔ የእጅ ሥራ ተቀቅለው ሊሞቱ ነው! ብርዝ ይዤ ሄድኩ፣ ጠጡት። ደግሜ ሄድኩ፣ ጠጡት። የጠጡት ሁሉ በግንባራቸው ይወጣል።

የሙሽራው አባት የኮቱን ኮሌታ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ዳሰሱት። "ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ሱፍ ዛሬ ከየት ይገኛል? አዲስ ነው፣ አይደል? ለልጅዎ ሠርግ ያሠሩት ነው?" ክፋት አልነበረባቸውም፣ ከልባቸው አድንቀው ነው የጠየቁት። ሰዉም መልሱን ለመስማት ዞረ። "አዎ" ማለት ይበቃ ነበር። እኔም በሆዴ "አዎ ይበሉና ይገላገሉ! አዎ ይበሉ!" እላለሁ።

አባባ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ቁልፎቹን መፍታት ጀመሩ።

"አባባ፣ አይሆንም!" አልኩ። ለካ ጮኼ ኖሯል፤ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አፈጠጡብኝ።

ኮቱን አወለቁትና ውስጡን ወደ ላይ አድርገው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የነጣው ትከሻ፣ ጨው የበላው ደረት፣ የእኔ ቀይ አበባ፣ ሁሉም ተሰጣ። ከኋላቸው የተቀመጡት ደግሞ ጀርባ የሌለውን ሸሚዝ አዩ። አንዷ ሴት ሳቅ አመለጣት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷን ለማየት አልደፈርኩም።

"አዲስ አይደለም" አሉ አባባ ለሙሽራው አባት። "ልጄን በኒካሕ ሰጥቼ ስበቃ ቤትዎ መጥቼ አልዋሽም። እናቷን ያገባሁት በዚህ ኮት ነው።" የነጣውን ትከሻ በመዳፋቸው ዳሰሱት። "ያኔ ውጩ ይኼኛው ነበር። አርጅቶብኝ ያቺ ብርዝ የምትቀዳው ልጅ ገለበጠችልኝ። እናቷን በዚህኛው ፊት አገባኋት፤ እሷን በዚያኛው ፊት ዳርኳት። እናቷ በሠርጓ ባትገኝ፣ የነካችው ጨርቅ ይገኝላት ብዬ ነው።"

ሳቂታይቱ ሴትዮ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የሙሽራው አባት የራሳቸውን ጋቢ አንስተው በአባባ ጀርባ ላይ ጣል አደረጉ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ እንባዬ ይወርዳል።

ሙሽራዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እናቷን አታውቃትም፤ ፎቶ እንኳ የላትም። አባቷ ፊት ተንበርክካ ኮቱን ከጉልበታቸው ላይ አነሳችና ለበሰችው፣ አሮጌው ፊት ወደ ገላዋ ሆኖ። በዚያ ቃጠሎ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችው። አውልቂው ያላት ሰው አልነበረም።