ሰማያዊው ሻሽ

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ዕቃ ስሸክፍ አንድ የካሴት ሽፋን ከመሳቢያው ሥር ወደቀ። ወረቀቱን ፀሐይ በልቶት የዘፋኙ ፊት ነጥቷል። ከአንደኛው ዘፈን ጎን ያለችው ጽሑፍ ግን ዛሬም ትነበባለች፦ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ»። እመነኝ፣ ውሸት ነው። ግጥሙም ዜማውም የአባቴ ነው።

ያን ዓመት እናቴ ሞታ ነበር። ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት አጥባ ያሰጣችው ሰማያዊ ሻሽ ግቢው ሽቦ ላይ ቀረ፤ አባዬ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባዶ ጀሪካን በጣቱ እየመታ ያንጎራጉር ነበር። ግቢው እርጥብ አፈርና ሳሙና ይሸታል። «ሻሽሽ ደረቀልሽ፣ ነይና አውርጂው» የምትለዋን ስንኝ ሲያገኛት መምታቱን አቁሞ አለቀሰ። እኔ በመስኮት አየሁት።

አባዬን እንደ ዘፈን ደራሲ ከሰፈር ውጭ የሚያውቀው አልነበረም። ዘፋኙን ግን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዘፈን ፍለጋ ቤታችን መጥቶ የአባዬን ሲያዳምጥ፣ «አሪፍ ነው ጋሼ፤ ማለቴ ግን፣ ሰው አሁን የሚፈልገው የድሮ ነው በቃ፣ ከገጠር የመጣ» አለ።

አባዬ ዘፈኑ ሊቀርበት ነው ብሎ ፈራ። «እሱማ የድሮ ነው፤ ከአያቴ የሰማሁት» አለ። የዋህነቱ አሁንም ያናድደኛል።

ካሴቱ ሲወጣ ከኡራኤል እስከ ሜክሲኮ ታክሲው ሁሉ እሱኑ ይከፍት ጀመር። አባዬ ሽፋኑን አነበበና እጄን ይዞ ዘፋኙ ዘንድ ወሰደኝ።

«ስሜን አስገባልኝ፤ ለሚስቴ የሠራሁት ነው» አለው።

«ራስዎ አይደሉ እንዴ የአያቴ ነው ያሉኝ?» ዘፋኙ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ሲሠሩት አይተሻል?»

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የዘፋኙን ፖስተር አልጋዬ ራስጌ ለጥፌ ነበር። ፊት ለፊት ሲያየኝ አፌ ተሳሰረ፤ አንገቴን ደፋሁ። አባዬ ጠብቆ ጠብቆ፣ «በቃ፣ እንሂድ ልጄ» አለ። እስከ ቤት ድረስ እጄን አልለቀቀም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባዬን በዕድሜው መጨረሻ ዓመት ማስታወስ አቃተው፤ እኔንም ይረሳኝ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ዘፈኑን ሲለቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ያን ቀን ያልተናገርኩትን ተናገርኩ።

«አባዬ፣ ይሄ ያንተ ነው። ስትሠራው በመስኮት አይቼሃለሁ።»

እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ለማያውቀው ሰው እንደሚያደርገው በትሕትና ፈገግ አለልኝ።

«ተሳስተዋል እመቤቴ። የድሮ ነው፤ ከአያቴ የሰማሁት።»