በመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን የደበቅኩት መድኃኒት

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን! ዛሬ የቆምኩት ያለፈውን ምስክርነቴን ለማረም ነው። አትሳቁ፣ ጨርሼ ልናገር!

አስታወሳችሁ? እዚሁ ቆሜ «ደሜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም፣ ተፈውሻለሁ!» ብዬ አዳራሹን በእልልታ አናወጣችሁት። በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። አፍሬ ከእናንተ ደበቅኩት።

ነገሩ የጀመረው መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልኩ በኋላ ነው። ትኩሳትና ላብ አልለቅ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ስላለኝ ያየችኝ ሐኪም «ቫልቭሽ ላይ ኢንፌክሽን ጠርጥሬያለሁ፤ ጀርሙን ከደምሽ አሳድገን እንየው» አለችኝ። ደሜ ተቀዳ፣ ምንም አልበቀለም። እኔ ግን ባለቤቴ ታደሰ ኪሊማኒ ሰፈር ካለ ኬሚስት፣ ከመድኃኒት ቤቱ፣ የገዛልኝን አንቲባዮቲክ በድብቅ እየዋጥኩ ነበር! ለእናንተ «መድኃኒት አልነካም፣ በጸሎት ብቻ ነው» ብዬ ነበራ። ኩራቴን እዩልኝ!

አንድ ጠዋት ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው ቤታችን ደረጃ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ታደሰ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰኝ። ሐኪሟ «የደም ምርመራው ባዶ መውጣቱ ጀርም የለም ማለት አይደለም። ከምርመራው በፊት የወሰድሽው መድኃኒት አለ?» አለች።

«ምንም!» አልኩ። ይቅር ይበለኝ!

ታደሰ ጮኸ፦ «አስቴር፣ ዳዋውን፣ መድኃኒቱን ንገሪያት እንጂ! ልቀብርሽ ነው?»

አለቀስኩ። የመጽሐፍ ቅዱሴን ሽፋን ዚፕ ከፍቼ እንክብሎቹን አወጣሁ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። «ፖሌ ማማ፣ አይዞሽ፤ ጀርሙን የደበቀብኝ ይሄ ነው፤ አድክሞታል እንጂ አልገደለውም» አለች።

በጉሮሮዬ ካሜራ መሳይ ነገር አስገብተው ልቤን አዩ። ቫልቩ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ተለጥፋለች! እንክብሉን አስቁመው ደሜን ደጋግመው ቀዱ፤ በዚህ ጊዜ ጀርሙ በቀለ። ሃሌሉያ! ለጀርም እልል ያለች ሴት አይታችኋል? ስሙ ስለታወቀ ትክክለኛው መድኃኒት ስድስት ሳምንት በደም ሥሬ ገባ።

ወገኖቼ፣ ለዓመታት እዚህ ዘምሬያለሁ፤ ጌታን ያወቅኩት ግን ያን ቀን እያለቀስኩ እውነቱን ስናገር ነው። ሐኪሟንም እሱ ነው የላካት። ክብር ለስሙ!

ዛሬ ያንን ደረጃ በራሴ እግር ወርጄ መጣሁ። የደበቀው ነገር ያለው ወንድም፣ እህት ካለ፣ ጌታ ከእውነቱ አይሸሽም፤ ታመኑት፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። የእኔን ሽፋን ደግሞ ኑና ዚፑን ክፈቱ፤ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው!