ምላስሽን አምጭው

ቅዳሜ ዕለት ምሳ ይዤለት ባሌ ሱቅ ስገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ ያወራል። ባሌ አራዳ ውስጥ ዋሽንት ሠሪ ነው። ከደንበኛ ጋር ነው ብዬ ምሳ ዕቃውን ልከፍት ስል...

«ምላስሽ ወፍሮ ነዋ ድምፅ የከለከለሽ። አፍሽ ውስጥ አርጥበሽ አምጭው፣ ሸጋ አድርጌ እፍቅልሻለሁ» ሲል ሰማሁት።

ምላስሽን? አፍሽ ውስጥ? ደግሞ እኮ ደንበኛን ሁሉ «እርስዎ» የሚል ሰው፣ እሷን ገና በስልክ «አንቺ» ይላታል።

ስልኩን ሲዘጋ ማናት አልኩት። ሙዚቀኛ ናት፣ ከአዲስ አበባ መጥታ ነው፣ አሁን አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳለች አለኝና እጁን ታጠበ። ሌላ ቀን ምሳውን አቀብዬው እመለሳለሁ። ያን ቀን ግን በርጩማ ስቤ በሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

መጣች። ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ከፈራሁትም በላይ ቆንጆ ናት። ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ አልመለስኩላትም።

«እስቲ ምላስሽን አሳዪኝ» አልኳት።

«የትኛውን? ብዙ አሉኝ እኮ» አለችና ከቦርሳዋ ትንሽ ሳጥን አወጣች።

ሳጥኑ ውስጥ ከጣት የማይረዝሙ ስስ የሸምበቆ ቁርጥራጮች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀው በቀይ ክር ታስረዋል። ለካ ኦቦ የሚባል ጥቁር የትንፋሽ መሣሪያ ትጫወታለች። አፉ ላይ የሚሰካውን ይህን ሸምበቆ «ምላስ» ነው የሚሉት። ሁለቱ ሲርገበገቡ ድምፅ ይወጣል፤ ካልሳሳ አይጮኽም፣ ካልረጠበ ይሰነጠቃል። ቅርጽ ማውጫ ብረቷ አለ፣ ሞረዷም አለ። መፋቂያ ካራዋን ግን አውሮፕላን ስትሳፈር ፈታሾች ወሰዱባት። ሸምበቆ የሚፍቅ ሰው ብትጠይቅ የባሌን ስልክ ሰጧት... በቃ ይኸው ነው።

እፍረቴን በሳቅ ሸፈንኩት። ምሳ አቅርቤም ያንኑ ስጠረጥረው የነበረውን አፏን በእጄ አጎረስኩት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ሸጋ ነበር።

ባሌ ካራውን ከሰገባው አወጣ። የአባቱ ካራ ነው፣ ከጭልጋ ይዞት የመጣ። እንደተጋባን ሰሞን ሽንኩርት ልከትፍበት ባነሳው፣ «ምነው! የሸምበቆ ካራ ሌላ ነገር ይነካል?» ብሎ ተቆጥቶኝ ሁለተኛ ነክቼው አላውቅም።

ትንሽ ፋቀላት። ነፋችው፣ እንደ ታነቀ ዶሮ ጮኸ። ደግሞ ፋቀ፣ አሁንም አልሆነም። ይሄኔ ካራውን አዙሮ በእጀታው በኩል ዘረጋላት።

«እንች አንቺው ሞክሪው። ከንፈርሽ ነው ልኩን የሚያውቀው።»

ተቀበለችው። ቀስ እያለች ጫፉን ፋቀች፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየች፣ ነፋች። ሱቁን የሞላ ድምፅ ወጣ። እሱ ዓይኑን ከእጇ ላይ አላነሳም፤ እኔም ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስልኩን ስሰማ የቀናሁት ቅናት የዚህኛው አጠገብ አይደርስም። ለእኔ ያልተፈቀደ ካራ በአንድ ቀን ትውውቅ!

አመስግና ስትወጣ ጠብቄ «ለእኔስ መቼ ነው የምትሰጠኝ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ካራውን።»

«ምን ልትቆርጭበት?» ብሎ ሳቀ።

«ምላስ» አልኩት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ካራው ሱቅ አያድርም፣ ቤት ሲመጣም እጄ የማይደርስበት ቁምሳጥን ላይ ነው የሚሰቅለው።