ናሆምን ያሳቀው «መጣ!»

ቅዳሜ ከሰዓት... ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ። ጎረቤት በላዬ እየተሻገረ ያልፋል። እኔ ስልኬን ደግኜ ልጄ ናሆም ላይ አነጣጥሬያለሁ። እሱ በራችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየኛል። ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፣ ኮስታራነቱ ግን የሽማግሌ ነው!

እናንተዬ፣ የዚህን ልጅ ሳቅ የግድ እፈልገው ነበር። ለምን መሰላችሁ?

እናቴ አዲግራት ናት። ጉልበቷን እያመማት መምጣት ስላልቻለች የልጅ ልጇን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ስማርት ስልክም የላትም። ያላት አንድ የታጠበ ፎቶ ብቻ ነው... እሱንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በጠራራ ፀሐይ። ልጁ ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት ፊቱን ጭምድድ አድርጎ ወጥቷል። እሷ ደግሞ ሳሎን ሰቅላዋለች። በደወልኩ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ሕፃን ምን ሆኖ ነው የከፋው? ትቆጡታላችሁ እንዴ?»

«ኧረ እማ፣ ፀሐይ ነው!»

«እሺ... ፀሐይ ነው» ትላለች። እንዳላመነችኝ ግን ድምጿ ያስታውቃል። ይሄ ነገር አንጀቴን በላው።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ ፍሬወይኒ እሁድ ጠዋት ወደዚያው ልትሄድ ነው። «ፎቶውን ዛሬ ማታ ካደረስክልኝ እጇ ላይ አስቀምጥላታለሁ» አለችኝ። ያለኝ አንድ ቀን ብቻ!

ጠዋት ግቢ ወረድን። ባለቤቴ ራሄል ልጁን አጥባ ቫዝሊን ለቅልቃዋለች... የእኛ ሰው ልጅ ካላብለጨለጨ የታጠበ አይመስለውም። ፀሐይ ላይ አቆምኩት። ግንባሩ መስታወት ሆነ፣ ዓይኑ ተጨፈነ። ቤት አስገብቼ በፍላሽ ሞከርኩ። ደንግጦ አለቀሰ። ያንን ፎቶ እናቴ ብታየው በዚያ ጉልበቷ በእግሯ ትመጣ ነበር!

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

«አለቀልን!» አልኩ። ቤቱ ጨለመ። ናሆም ጨለማውን ስላልወደደው ድክ ድክ እያለ ወደተከፈተው በር ሄደና ቆሞ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ወይኔ! ፊቱን ብታዩት! ኮሪደሩ ጥላ ነው፣ ፀሐዩ በቀጥታ አይደርስበትም፤ ብርሃኑ ብቻ ለስለስ ብሎ ይገባል። ከኋላው ጨለማ፣ እሱ ግን ፍንትው ብሏል። ዓይኑ ውስጥ ሰማይ ይታያል። ያ ጠዋት ያናደደኝ ቫዝሊን እንኳ አሁን ጉንጩ ላይ ወዝ ሆኖ ቁጭ!

«ራሄል! ራሄል! ነይ እይው! ብርሃኑ እዚህ ነበርኮ!»

በርጩማ አምጥቼ እዚያው በሩ ጋ አስቀመጥኩት። እኔ ወጥቼ በቁመቱ ልክ ዝቅ አልኩ፣ አልበቃ ሲለኝ ተኛሁ።

ብርሃኑ ተገኘ... ሳቁ ግን የለም። ብስኩት አሳየሁት፤ ተቀብሎ በላው። ዘፈንኩለት፤ አዝኖልኝ ነው መሰለኝ ዝም ብሎ አየኝ። ለቀበሌ መታወቂያ የሚነሳ ነው የሚመስለው። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ብርሃኑ እየቀነሰ ነው፣ እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ይሄኔ ራሄል ከኋላዬ ብቅ አለችና በለሆሳስ፦

«ናሆሜ... መጣ!»

መብራት ሲመለስ የሰፈር ልጆች እንዴት እንደሚጮሁ ታውቃላችሁ አይደል? ናሆም ከ«እማዬ» ቀጥሎ የለመደው ቃል እሱ ነው። ሁለት እጁን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ትንንሽ ጥርሶቹን ሁሉ አውጥቶ በሳቅ ፍርስ አለ።

«መጣአአአ!»

ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! አገኘሁት! አገኘሁት በእመብርሃን!

ችግሩ... ታች የሚጫወቱት ልጆች ሰሙት። «መጣ!» አሉ እነሱም። የጎን ብሎክ ተቀበለ። ወዲያው ሰፈሩ በሙሉ «መጣ! መጣ!» ሆነ። በር ይከፈታል፣ ሰው ቻርጀር ይዞ ይሯሯጣል፣ አንዱ በመስኮት «የውሃ ፓምፑን አስነሱት!» ይላል።

መብራት ግን የለም!

እትዬ ዘነበች የሚባሉ ጎረቤታችን ካውያቸውን እንደያዙ ከአራተኛ ፎቅ ዱብ አሉ። ማታ ሰርግ አለባቸው፣ ቀሚሳቸው ጭምድድ እንዳለ ነው።

«ማነው መጣ ያለው?!»

እኔ መሬት ላይ እንደተኛሁ ድምፄን አጠፋሁ። ራሄል ጣራ ጣራ ታያለች። ናሆም ግን እትዬን ሲያይ ደስ አለውና እጁን ዘርግቶ በድጋሚ «መጣ!»

ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር... አልቻሉም።

«አይ አንተ! ውሸትህ ራሱ ሲያምር! ከዓይን ያውጣህ!» ብለው እትፍ እትፍ አሉበት። ለእኔ ግን ካውያውን ነው ያሳዩኝ።

መገናኛ ድረስ በርሬ ፎቶውን አሳጠብኩ። እዚያስ መብራት ባይኖር ብዬ መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነበር። አለ! ማታውን ለፍሬወይኒ አደረስኩላት።

ትናንት እናቴ ደወለች። ሰላምታ እንኳ የለም፣ ትስቃለች።

«ወደይ... ሳቁ የአባትህ ነው!»

አባቴ ካረፈ ቆይቷል።

«ያን የድሮውን ፎቶ አወረድኩት» አለችኝ። «አሁን አመንኩህ... ፀሐይ ነበር።»

የብሎካችን ሰው ግን ከዚያ ወዲህ መብራት የእውነት ሲመጣም አያምንም... መጀመሪያ እኔ ኮሪደር ላይ ተኝቼ እንደሆነ ያጣራል!