ከጥቁሩ ድድ ስር

ድዴን የተነቀስኩት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ ሰበታ ነው። ታላቅ እህቴ እጄን ጥርቅም አድርጋ ይዛኝ፣ ነቃሿ መርፌዋን ጥላሸት ውስጥ እየነከረች። ጥርሴ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ተብሎ። አምሮብኝም ነበር፣ አልዋሽም! ጥቁር ድድ ግን መቅላቱን አያሳይም። ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ድዴ አብጦ የታች የፊት ጥርሶቼ አራቱም ሲነቃነቁ፣ መስታወት ፊት ቆሜ እንኳ ምንም አላየሁም።

የማየው ደም ብቻ ነበር። መፋቂያዬ ሲቀላብኝ በዚያ በኩል መፋቅ ተውኩ፣ እንዳይቆስል ብዬ። ለካ ቆሻሻውን እያደለብኩት ኖሯል።

ሱሉልታ ያገባችው ያቺው እህቴ ስትሰማ፣ "አስነቅለሽ ተገላገይ! እኔ ሁሉንም አስነቅዬ ሞትኩ?" አለችኝ።

"እኔ በቁሜ ጥርሴን አልሰጥም!" አልኳትና ቡራዩ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። በቀጭን ብረት ድዴን ለክታ፣ ራጅ አንስታ አሳየችኝ። "አዴ፣ ቆሻሻው ጥርስዎ ላይ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ሰውነትዎ እዚያ ያሉትን ጀርሞች ሊዋጋ ተከላካዮቹን ይልካል፤ የሚያብጠውና የሚደማው ለዚያ ነው። ጀርሙ ካልተነሳ ውጊያው አያቆምም። ሲቆይ ደግሞ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል።"

"ማን? የገዛ ሰውነቴ?"

"አዎ። እርስዎን ሊጠብቅ ብሎ።"

ደሜ ፈላ። "እሰይ፣ ጠበቀኝ! በይ ቆሻሻውን አንሺልኝ፤ የሚዋጋውን ይጣ!"

አራት ቀን እያመላለሰች ከድዴ ስር ፋቀችልኝ። አልቅሻለሁ። የሄደው አጥንት እንደማይመለስም ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ የሚደማውን ቦታ ነው የምቦርሸው፣ ደማ አልደማ። እየዋለ እያደረ መድማቱ ቆመ። አንዱ ጥርስ ግን አልተረፈም።

ለፋሲካ እህቴ መጣችና ክፍተቱን አይታ ሳቀች። "አላልኩሽም?"

"አንድ ነው የሄደው! ሦስቱ ይኸውልሽ!" ብዬ አፌን ከፍቼ በጣቴ ገፋ ገፋ አደረግኳቸው። ሐኪሟ ያለችኝንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ትቀልድብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቋን ትታ ጠየቀችኝ።

"የኔዎቹም ይተርፉ ነበር ማለት ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ልጄም ድዷ ይደማል" አለች፣ ፊቷን አዙራ። "እንዳትነካው ያልኳት እኔ ነኝ።"

"ደውይላት" አልኳት። "ዛሬውኑ ትምጣ!"